ከማመልከቻው በፊት

የዛሬው ርእሳችን የጀልባ ጉዳይ ነው። «ጀልባ ከእኛ ትዳር ጋር ምን አገናኘው?» እንዳትሉኝ፤ እስቲ በትዕግሥት ተከተሉኝ።

በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት አሉ። ከተማዋ በሐይቆቿ የታወቀች ናት። ከሁሉ የሚሰፋው እ.ኤ.አ. በ2018 የዳኮታ ሕዝብ ወደሚጠራበት ስሙ የተመለሰው ብዴ ማካ ስካ ነው። ባል ከሌሊት ሥራ ሲወጣ ሐይቁ ዳር ቆሞ ባለሸራ ጀልባዎቹን ማየት ዕረፍቱ ነበር። አንድ ዓመት በረዶው ሳይቀልጥ ያገለገለች ጀልባ በርካሽ አገኘና የማሰሪያ ቦታ እንዲሰጠው አመለከተ። ለሚስቱ ግን አልነገራትም።

ማሰሪያው እንዲህ ነው፦ ከሐይቁ ወለል ከባድ ክብደት ይቀመጣል፤ ከእርሱ በሰንሰለት የተያያዘ ተንሳፋፊ ኳስ ከላይ ይታያል፤ ጀልባዋ በአፍንጫዋ በኩል እዚያ ላይ ትታሰራለች። ቦታውን የሚያከራየው የከተማው የፓርኮች ቦርድ ነው። ፈቃዱ ለወቅቱ ብቻ ነው፤ ሐይቁ ወደ በረዶ ከመለወጡ በፊት ጀልባዋ መውጣት አለባት። ቦታው ውስን ስለሆነ ያመለከተ ሁሉ አያገኝም።

እርሱ ግን አገኘ። ክፍያውን እስከዚህ ቀን ፈጽም የሚለውን መልእክት ያየችው ሚስቱ ነበረች። በጋራ ያጠራቀሙት ገንዘብ ደግሞ እናቷን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት የታሰበ ነበር።

«ውሃ ፈርቼ መሰለህ? እኔን ሳታማክር መወሰንህ ነው ያቃጠለኝ» አለችው።

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ነው» አላት።

ወገኖቼ፣ ብዙ ቤት የሚፈርሰው በዚህች ቃል ነው። «እምቢ ትለኛለች» ብሎ የደበቀ ሰው እሺ የምትልበትንም ዕድል ነፍጓታል።

ሁለቱ ቁጭ ብለው ወጪውን ጻፉ። የቦታው ኪራይ አለ። በሚኒሶታ ከ10 ጫማ የሚረዝም ጀልባ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው ለ3 ዓመት ያገለግላል። ለተሳፋሪው ሁሉ የመንሳፈፊያ ጃኬት ያስፈልጋል፤ ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ መልበስ ግዴታው ነው። በብርድ ወራት ማስቀመጫም አለ። ድምሩን ሲያዩ ባልየው ዝም አለ። በዚያ ዓመት ቦታውን ለቀቀ፤ እናትየው መጡ። በዓመቱ በድጋሚ ሲያመለክቱ ቅጹን የሞሉት ሁለቱም አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ነው። ዕድሉ ግን አልደረሳቸውም። «አሁን የምንጠብቀው አብረን ነው» ብላ አጫውታኛለች።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ጀልባም ይሁን መኪና ወይም የቤት ብድር፣ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት ሦስት ነገር ተጠያየቁ። ገንዘቡ ለምን ታስቦ ነበር? ጊዜው ከማን ላይ ይወሰዳል? ቢፈቀድልንስ የሚከተለውን ሸክም ሁለታችንም አውቀነዋል?

የጀልባዋን ማሰሪያ ሰንሰለት አጭር አያደርጉትም። ነፋስ ሲነሣ ጀልባዋ ወደ ነፋሱ ዞራ እንድትቆም ይለቀቅላታል፤ ከክብደቱ ግን አትላቀቅም። የትዳር ጓደኛችሁንም ምኞት እንዲሁ ያዙት፤ አታንቁት፣ ተደብቆም እንዲሄድ አትተዉት።

እስከ ሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ።