የሙት ገመና

የአገራችን ሰው ለሙቱ ያለው ክብር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሰው በሞተ ጊዜ የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወዳጅና ጎረቤት ሥራውን ትቶ ለቀብር ይወጣል፤ ሠልስቱ፥ አርባው፥ ሙት ዓመቱ በየጊዜው ይታሰባል። ሟቹ የተወው ቤትም ቢሆን ገንዘብ፥ ሽማግሌ ወይም ዳኛ ባለበት ወራሾቹ ይካፈሉታል። ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ውጭ የቀረ አንድ ነገር ግን በዘመናችን ተጨምሯል። እርሱም ሟቹ በስልኩ ውስጥ ትቶት የሚሄደው ጽሑፉ፥ ፎቶግራፉ፥ ድምፁና ከሰው ጋር የተላላከው ምስጢር ነው። ሬሳውን አጥበንና ገንዘን እንቀብረዋለን፤ ገመናውን ግን ሜዳ ላይ ጥለነው ወደ ቤታችን እንመለሳለን። እኔ ይህን ነውር ነው እላለሁ፤ ነውር መሆኑንም በራሴ ላይ በደረሰው ነገር አስረዳለሁ።

ከትምህርት ቤት ጀምሮ የማይለየኝ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። በሠላሳ ዓመቱ ታመመና ሳምንት እንኳ ሳይተኛ ሞተ። በመሥሪያ ቤቱ የሃያ አራት ሰው ዕቁብ ሰብሳቢ ስለ ነበረ፥ ማን እንደ ከፈለ፥ ማን እንደ ቀረ፥ ዕጣው ለማን እንደ ወጣ የተጻፈው በስልኩ ውስጥ ብቻ ነበር። ከሠልስቱ በኋላ የዕቁቡ አባሎች እያፈሩም ቢሆን መጠየቅ ጀመሩ። ታላቅ ወንድሙ የሟቹ ስም በዕዳ እንዳይነሣ ብሎ፥ የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ከምታውቀው ከታናሽ እኅታቸው ተቀብሎ ከፈተው። እስከዚህ ድረስ ያደረገው የወንድም ሥራ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም።

ዳሩ ግን የዕቁቡን መዝገብ ያገኘ ዓይን በዚያ አልቆመም። ቀጥሎ ያለውን የቴሌግራም መልእክት አነበበ፤ ከዚያም የሚቀጥለውን አነበበ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ አደረ። ሟቹ ስለ እናቱ ቁጣ ለአንዲት ሴት ያማረረውን አገኘ፤ ስለ ራሱም፥ ወንድሜ ከእኔ ይልቅ ገንዘብ ይወዳል ተብሎ የተጻፈውን አገኘ። የእኔንም አገኘ። እኔ ለዚያ ወዳጄ፥ አባቴ በመጠጥ ምክንያት ከሥራው ሊሰናበት እንደ ደረሰና እኔም እንዴት እንዳፈርሁበት ከሁለት ዓመት በፊት ጽፌለት ነበር። የጻፍሁት ለአንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው ቃሌን ይዞ መቃብር ወርዷል ብዬ አምን ነበር። በአርባው ዕለት አባቴ ከአጠገቤ ተነሥቶ ሌላ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ነገሩ እንደ ደረሰው ዐወቅሁ። እስከ ዛሬ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገረኝም። መጠጡን ትቷል፤ ከእኔ ጋር መጫወቱንም አብሮ ትቷል። የሟቹ እናት ደግሞ ልጃቸው ሠላሳ ዓመት እንደ ወደዳቸው ቢያውቁም፥ በንዴት ሰዓት የጻፈው ጥቂት መሥመር ከልባቸው አልወጣ ብሎ በዚያው ያለቅሳሉ።

እንግዲህ አስቡ። ሰው በሕይወት ሳለ ማታ ቢያማርር ጧት ይታረቃል፤ ክፉ ቢናገር ይቅርታ ይጠይቃል፤ የተናገረው ቢጣመምበት እንዲህ ለማለት ነው ብሎ ያቃናል። ሙት ግን አያስተባብልም። ስለ ሞተ ሰው ክፉ ስናነሣ "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" እንላለን፤ የሙትን ምስጢር ገልጦ የሚያነብ ሰው ግን ሙቱን ራሱን ወቃሽ ያደርገዋል። ከመቃብር አስነሥቶ እናቱን እንዲሰድብ፥ ወንድሙን እንዲያማ፥ የወዳጁን ምስጢር እንዲያወጣ ያስገድደዋል። ከዚያም ይቅርታ መጠየቂያ አፍ ሳይሰጠው መልሶ ይቀብረዋል። ከዚህ የሚበልጥ ግፍ ምንድር ነው?

በደሉ በዚህ አላበቃም። የፌስቡክ ገጹ ያለ ጠባቂ ስለ ቀረ፥ መሞቱን ያልሰሙ ሰዎች በልደቱ ቀን እንኳን ተወለድህ ይሉታል፤ የሰሙትም እያለቀሱ እዚያው ይጽፉለታል። ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ ሌባ የይለፍ ቃሉን ሰብሮ ገባና በሟቹ ስም፥ በሟቹም ፎቶግራፍ፥ ቸግሮኛልና ገንዘብ ላኩልኝ እያለ ለዘመዶቹ ይጽፍ ጀመር። በውጭ አገር የሚኖሩ አክስቱ የወንድማቸው ልጅ ከሞተ በኋላ ብር ሲለምን ባዩ ጊዜ ምን እንደ ተሰማቸው ለእናንተ እተወዋለሁ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ያሉ አባቶቻችን ስም መልካም ሥራ ሠርቶ ይዋል ማለታቸው ነበር እንጂ፥ ሌባ ለብሶት ይዙር ማለታቸው አልነበረም።

ይህን ስናገር ሁሉን ጥፋት በወንድምየው ላይ መጣሌ አይደለም። የሟቹም ጥፋት አለበት፤ የእኔም አለበት። ምክንያቱም ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማሰናዳት የሚቻል ሲሆን ሁለታችንም አንድ ቀን እንኳ አላሰብነውም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የአካውንቱ ባለቤት በሕይወት ሳለ አንድ አደራ ተቀባይ እንዲመርጥ ፈቅዷል። ሞቱ በማስረጃ ሲታወቅ ገጹ የመታሰቢያ ገጽ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ማንም በሟቹ ስም ሊገባበት አይችልም። አደራ ተቀባዩም ፎቶግራፉን ሊለውጥና የኀዘን ማስታወቂያ ሊያኖር ይችላል እንጂ የሟቹን የግል መልእክት አያነብም። ባለቤቱ የፈለገ እንደ ሆነም ከሞትሁ በኋላ ሁሉም ይጥፋ ብሎ ማዘዝ ይችላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሥርዓት፥ ባለቤቱ ከ3 እስከ 18 ወር የሚደርስ ጊዜ ወስኖ፥ በዚያ ጊዜ ውስጥ ድምፁ ከጠፋ እስከ 10 ለሚደርሱ ሰዎች ምን ምን እንዲሰጥ፥ ምንስ እንዲጠፋ አስቀድሞ ይናገራል። አፕልም እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 5 ሰው ድረስ አደራ ተቀባይ ያስመርጣል፤ እነርሱም አስቀድሞ የተሰጣቸውን ቁልፍና የሞት ማስረጃውን ሲያቀርቡ ይገባሉ። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከሚጠጣበት ጊዜ አይበልጥም።

ባለቤቱ ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን ፍርዱ ወደ ባዕድ እጅ ይገባል። በጀርመን አገር የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በበርሊን ከተማ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ በባቡር ተገጭታ ሞተች። ወላጆችዋ ሞትዋ አደጋ ይሁን ወይስ በገዛ ፈቃድዋ እንደ ሆነ ለማወቅ፥ የፌስቡክ መልእክቶችዋን እናንብብ ብለው ጠየቁ። ኩባንያው ከእርስዋ ጋር የተጻጻፉት ሰዎች ምስጢር ይጠበቃል ብሎ ከለከላቸው። በ2015 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለወላጆች ፈረደ፤ በ2017 የይግባኙ ፍርድ ቤት ለኩባንያው ፈረደ፤ በሐምሌ 2018 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደብዳቤና የዕለት ማስታወሻ ለወራሽ እንደሚተላለፍ ሁሉ ይህም ይተላለፋል ብሎ ለወላጆች ፈረደ። ከዚያ በኋላም ኩባንያው ከ14,000 ገጽ የሚበልጥ ጽሑፍ አስረከበና ጨረስሁ ቢል፥ ፍርድ ቤቱ በ2020 ወላጆቹ ወደ አካውንቱ ራሱ ገብተው ማየት አለባቸው ሲል እንደ ገና ወሰነ።

እኔ እነዚያን ወላጆች ለመንቀፍ አፌን አልከፍትም። ልጄ እንዴት ሞተች ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ቢያንኳኳ የማይከፈትለት በር ሊኖር አይገባም። በሕፃኒቱም አልፈርድም፤ በ15 ዓመትዋ ማን ኑዛዜ ያስባል? ነገር ግን ከዚህ ሙግት አንድ ትምህርት እወስዳለሁ። ሟች ቃል ካልተወ በእርሱ ፈንታ የሚናገሩት ኩባንያና ዳኛ ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ አያውቁትም። ኩባንያው ሁሉ ይዘጋ ይላል፤ ዳኛው ሁሉ ይከፈት ይላል። ይህ ለእናት፥ ያ ለእሳት ብሎ መለየት የሚችል ባለቤቱ ብቻ ነው። ደግሞም ሕግ ለወራሽ ቁልፉን ሰጠ ማለት ኅሊና ሁሉን ገጽ እንዲገልጥ ፈቀደለት ማለት አይደለም። ቤት የወረሰ ሰው በኪራይ ያለውን ሰው ሣጥን አይበረብርም። መልእክትም እንደዚሁ ነው፤ ከሁለቱ ባለቤቶች አንዱ ሞቶ ሁለተኛው በሕይወት አለ። የእኔ አባት ገመና የጓደኛዬ ርስት አልነበረም።

ወጣቶች ሆይ፥ በዚህ ነገር ላይ የምትመልሱልኝን ዐውቃለሁ። አንዱ፥ ሙት ምን ይሰማዋል? ይለኛል። ለሙት ባይሰማው ለእናቱ ይሰማታል፤ ደግሞስ ለሙት የማይሰማው ከሆነ ስለ ምን ሬሳውን በነጭ ሸማ እንገንዛለን? ሁለተኛው፥ እኔ የምደብቀው የለኝም፤ ያገኘ ያንብበው ይላል። ወዳጄ፥ አንተ ባይኖርህ ምስጢሩን ላንተ ያካፈለህ ሰው አለው። የራስህን ገመና ለመግለጥ መብት አለህ፤ የእርሱን ግን በምን ሥልጣን ትገልጣለህ? ሦስተኛው ደግሞ፥ ይልቁንም ሽማግሌዎች፥ ክፉ አታናግሩን፤ ሞትን ማንሣት ሟርት ነው ይላሉ። ይህ ከሁሉ የከፋ ማመካኛ ነው። በየወሩ የእድር መዋጮ የምንከፍለው እንሞታለን ብለን አይደለምን? ለድንኳኑና ለወንበሩ አስቀድሞ ማሰብ ሟርት ካልሆነ፥ ለምስጢርና ለስም አስቀድሞ ማሰብ እንዴት ሟርት ይሆናል?

የቀድሞ ሰዎች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁት ነበር። የጤናው ነገር ያሠጋው ሰው ሽማግሌ አስጠርቶ፥ ከእገሌ ይህን ያህል ተበድሬአለሁ፤ እገሌ ይህን ያህል አለበት፤ ይህ ለእገሌ ይሰጥ ብሎ ተናዝዞ ይሞት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ይህን መንገድ አጽንቶታል። በምስክሮች ፊት የሚደረግ ኑዛዜ አለ፤ ሰው በገዛ እጁ ጽፎ፥ ኑዛዜ መሆኑን ገልጦ፥ ቀን ጽፎ የሚፈርምበትም አለ፤ ሞት የቀረበው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃሉ የሚናገረውም አለ። ሕጉ በወጣበት ዘመን ደብዳቤ በሣጥን ውስጥ ነበር፤ ዛሬ ሣጥኑ ተለውጧል እንጂ የመናዘዝ ግዴታ አልተለወጠም።

ስለዚህ የምመክራችሁ ነገር አጭር ነው። በስልካችሁ ውስጥ ያለውን በሦስት ክፈሉት። የመጀመሪያው የሰው ገንዘብና የሰው ጉዳይ ነው፤ ዕቁብ፥ ብድር፥ የባንክና የቴሌብር ሒሳብ። የዚህ ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ በታመነ ሰው እጅ ይኑር፤ ዕዳ ፍለጋ የመጣ ሰው ወደ ጓዳችሁ እንዳይገባ ያደርጋልና። ሁለተኛው መታሰቢያ ነው፤ ፎቶግራፍ፥ ድምፅ፥ ለሰው ሁሉ የጻፋችሁት ጽሑፍ። ይህን ለማን እንደምትሰጡ ስሙን ለይታችሁ ጻፉ። ሦስተኛው ጓዳ ነው፤ ወዳጅ ያጫወታችሁ ምስጢር፥ በንዴት የተጻፈ፥ በፍቅር የተጻፈ። ይህ ሳይነበብ ይጥፋ ብላችሁ እዘዙ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን እናንተው በየጊዜው ማጥፋታችሁ ነው። የይለፍ ቃላችሁን በኑዛዜው ላይ አትጻፉ፤ ኑዛዜ በብዙ ሰው ፊት ይነበባልና። በታሸገ ፖስታ ለአንድ ሰው ስጡ።

የሙት ስልክ በእጃችሁ የገባ እንደ ሆነም ብቻችሁን አትክፈቱት። ሌላ ሰው ከአጠገባችሁ አስቀምጡ፤ የምትፈልጉትን ከመክፈታችሁ በፊት ተናገሩ፤ ያንን ስታገኙ ዝጉት። ዓይናችሁ ሌላ ነገር ያየ እንደ ሆነ አፋችሁ አይመስክር።

ባለፈው ዓመት የጓደኛዬ እናት ወደ ቤቴ መጡና፥ ልጄ፥ ድምፁ አንተ ዘንድ እንዳለ ነግረውኛል፤ እስቲ አሰማኝ አሉኝ። እውነት ነው፤ በድምፅ የላከልኝ ብዙ መልእክት አለኝ። እርሳቸውን ካስቀመጥሁ በኋላ ወደ ውስጥ ገብቼ ብቻዬን አዳመጥሁት። ግማሹ ለእርሳቸው የሚሆን አልነበረም። በመጨረሻ እየሳቀ፥ እናቴ ያበሰለችው ሽሮ አልቆብሃል፤ ነገ ቀድመህ ና ያለኝን መርጬ አሰማኋቸው። አምስት ጊዜ አስደገሙኝ። ሌላ የለም ወይ? ባሉኝም ጊዜ፥ የእርስዎ ይኸው ነው እማማ አልኋቸው።

በዚያው ሌሊት የራሴን ወረቀት ጽፌ ለእኅቴ ሰጠሁ። ለአባቴም ስለዚያ ነገር ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ እርሱን ግን እኔ ከሞትሁ በኋላ እንዲያገኘው አልተውሁትም፤ እሑድ በእጄ እሰጠዋለሁ።