በእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥርና ባለቤትነት፦ እናቶች ልጆቻቸውን እንዴት ይርዱ?

ቀኑን በሥራ የዋሉ እናቶች የምሽቱን የቤት ጉዳይ ከፈጸሙ በኋላ የሚጠብቃቸው አንድ ሌላ ሥራ አለ። ይኸውም የልጆቻቸውን ደብተር መመልከት ነው። በሒሳቡና በአማርኛው ብዙዎቹ አይቸገሩም። የእንግሊዝኛው ደብተር ሲወጣ ግን «ይህንስ እኔ አላውቅም፤ ነገ አስተማሪህን ጠይቅ» ብለው የሚያልፉ እናቶች ጥቂቶች አይደሉም። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በታችኛው ክፍል ሳይታረም የቀረ ስሕተት ልጁን እስከ ባዮሎጂና እስከ ታሪክ ፈተና ድረስ ይከተለዋል።

ልጆችን ከሚያደናግሩት ነገሮች ሁለቱ የስም ብዙ ቁጥርና ባለቤትነትን ማመልከት ናቸው። ደግነቱ በእነዚህ ላይ የሚደርሰው ስሕተት አብዛኛው የሚመጣው አማርኛና እንግሊዝኛ ከሚለያዩበት ቦታ ነው። ስለዚህ አማርኛን አሳምራ የምታውቅ እናት እንግሊዝኛዋ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ልጇን ልትረዳ ትችላለች።

በመጀመሪያ ቁጥርን እንመልከት። በአማርኛ «ሦስት ልጅ አለኝ»፣ «አምስት እንቁላል ግዛ» ብንል ስሕተት የለበትም። ቁጥሩ መብዛቱን ስለ ተናገረ ስሙ ባይበዛም ይገባናል። እንግሊዝኛ ግን ይህን አይቀበልም። ቁጥሩ ከአንድ ከበለጠ ስሙም መብዛት አለበት፤ «ፋይቭ ኤግስ» እንጂ «ፋይቭ ኤግ» አይባልም። ስለዚህ በልጁ ጽሑፍ ውስጥ ቁጥር ባያችሁ ጊዜ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ስም እንዲመረምር ንገሩት።

የተለመደው ማብዣ «ኤስ» የተባለው ፊደል ነው። ነገር ግን ስሙ በስ፣ በሽ፣ በች ወይም በክስ ድምፅ የሚያልቅ እንደ ሆነ «ኢ ኤስ» ይጨመራል፤ ለምሳሌ ያህል ግላስ፣ ዲሽ፣ ዎች፣ ቦክስ። «ቤቢ» በዋይ ስለሚያልቅና ከዋይ በፊት ያለው ፊደል ተነባቢ ስለሆነ ዋዩ ወጥቶ «አይ ኢ ኤስ» ይገባል። «ቦይ» ላይ ግን ከዋይ በፊት አናባቢ ስላለ «ኤስ» ብቻ ይበቃል። ከወጥ ቤት ዕቃ «ናይፍ» ሲበዛ «ናይቭስ» ይሆናል፤ ጣሪያ ማለት የሆነው «ሩፍ» ግን ባለበት ሆኖ «ኤስ» ይጨመርበታል። ድንችና ቲማቲም፣ ማለት «ፖቴቶ» እና «ቶማቶ»፣ «ኢ ኤስ» ሲወስዱ «ፎቶ» እና «ራዲዮ» የሚወስዱት «ኤስ» ብቻ ነው። እነዚህ በቃል የሚያዙ ናቸው።

ከዚህም ሌላ በውስጣቸው የሚለወጡ ስሞች አሉ። «ማን» «ሜን»፣ «ፉት» «ፊት»፣ «ቱዝ» «ቲዝ» ይሆናሉ። ልጁ በዚህ ቢገረም ከግእዝ የወረስናቸውን ቃላት አስታውሱት፤ ንጉሥ ሲበዛ ነገሥት፣ ኮከብ ሲበዛ ከዋክብት፣ መጽሐፍ ሲበዛ መጻሕፍት ይባል የለምን? በተለይ «ውመን» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ሲበዛ በጽሕፈት የሚለወጠው በመጨረሻው ክፍለ ቃል ያለው «ኤ» ብቻ ሲሆን እርሱም በ«ኢ» ይተካል። በንባብ ግን ጎልቶ የሚለወጠው የመጀመሪያው ድምፅ ስለሆነ «ዊሚን» ይባላል።

«ቻይልድ» ሲበዛ «ቺልድረን» ነው። አንዳንድ ልጆች በዚህ ላይ «ኤስ» ጨምረው «ቺልድረንስ» ይላሉ። ይህ እኛ «ሕፃናት» በማለት ፈንታ «ሕፃናቶች»፣ «መምህራን» በማለት ፈንታ «መምህራኖች» እያልን የበዛውን ደግመን እንደምናበዛው ማለት ነው። የሚያስገርመው ግን «ቺልድረን» ራሱ በታሪኩ ሁለት ጊዜ የበዛ ቃል ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቺልድሩ» ብቻውን ብዙ ቁጥር ነበረ፤ ኋላ «ኦክስ» «ኦክሰን» እንደሚባለው የ«ኤን» ማብዣ ተደረበበት። ሦስተኛ መደረብ ግን አያስፈልገውም።

የማይበዙ ስሞችም አሉ። እኛ «ምክሮች»፣ «መረጃዎች»፣ «የቤት ሥራዎች» እንላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን «አድቫይስ»፣ «ኢንፎርሜሽን»፣ «ሆምወርክ» «ኤስ» አይጨመርባቸውም። በአንጻሩ አንድ መቀስ «ሲዘርስ»፣ አንድ ሱሪ «ትራውዘርስ» እየተባለ ሁልጊዜ እንደ ብዙ ይቆጠራል። ዜና ማለት የሆነው «ኒውስ» ደግሞ በ«ኤስ» ቢያልቅም ነጠላ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትነት እንለፍ። በአማርኛ «የሠራተኛው ደመወዝ» እና «የሠራተኞቹ ደመወዝ» ሲባል ጆሮ ወዲያው ይለያቸዋል። በእንግሊዝኛ ግን «ሠራተኞች»፣ «የሠራተኛው» እና «የሠራተኞቹ» ሦስቱም «ወርከርስ» ተብለው ይነበባሉ። የሚለያቸው አፖስትሮፍ የምትባለው፣ ከፊደሉ ከፍ ብላ የምትቀመጠው ትንሽ ጭረት ብቻ ናት። ለብዙ ቁጥር ብቻ ሲሆን ጭረት የለም፤ የአንዱ ሠራተኛ ሲሆን ወርከር’ስ፣ የሁሉም ሲሆን ወርከርስ’ ተብሎ ይጻፋል። ስለ ሠራተኞች የቁጠባ ገንዘብ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ጭረቷ ቦታዋን ብትስት የሁሉም የሆነው የአንድ ሰው ሆኖ ይነበባል። በቢሮ የሚሠሩ እኅቶችም ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ጆሮ በዚህ ስለማይረዳ ልጁ በማሰብ እንጂ በመስማት ሊያገኘው አይችልም። መንገዱ ይህ ነው፦

1. በአማርኛ «የማን?» ብላችሁ ጠይቁት።
2. መልሱን፣ ማለት የባለቤቱን ስም፣ ብቻውን አሟልቶ ይጻፍ። ባለቤቱ ብዙ ከሆነ ስሙን አብዝቶ ይጻፍ።
3. ከመጨረሻው ፊደል ቀጥሎ ጭረቷን ያስቀምጥ።
4. የመጨረሻው ፊደል የብዙ ቁጥር «ኤስ» ከሆነ እዚያው ያቁም፤ ካልሆነ «ኤስ» ይጨምር።

የልጁ ደብተር ከሆነ መልሱ «ቦይ» ነውና ቦይ’ስ ይሆናል። የልጆቹ ከሆነ መልሱ «ቦይስ» ነውና ቦይስ’ ብሎ ያቆማል። የሕፃናት ልብስ ከሆነ «ቺልድረን» ቢበዛም በ«ኤስ» ስለማያልቅ ቺልድረን’ስ ይባላል። እንደ ዮሐንስ ያለ በ«ኤስ» የሚያልቅ የአንድ ሰው ስም ሲሆን ጭረትና «ኤስ» መጨመርም፣ ጭረት ብቻ ማድረግም ተቀባይነት አላቸው፤ ልጁ አንዱን ይዞ ይጽና።

«የአልማዝና የከበደ ቤት» ስንል «የ» በሁለቱም ላይ ይገባል። በእንግሊዝኛ ግን ቤቱ የጋራ ከሆነ ምልክቱ በኋለኛው ስም ላይ ብቻ ይደረጋል፤ ለየራሳቸው ቤት ካላቸው በሁለቱም ላይ ይደረጋል። አማትን በሚመለከት ደግሞ «ማዘር ኢን ሎው» ሲበዛ «ኤስ» የሚገባው «ማዘር» በሚለው ላይ ነው፤ «የአማቴ» ለማለት ግን ጭረቷና «ኤስ» መጨረሻ ላይ ይገባሉ።

ሁለት ነገሮች ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። አንደኛው «ኢትስ» የሚለው ነው። ንብረትነትን ሲያመለክት እንደ «ሂስ» እና እንደ «ሄርስ» ጭረት የለውም። ጭረት የሚገባበት «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ሲያጥር ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ጭረት ተራ ብዙ ቁጥርን አታመለክትም። በዚህስ እንግሊዞችም ይሳሳታሉ፤ በአትክልት መሸጫ ማስታወቂያዎች ላይ ስለሚታይ ስሕተቱን በአትክልት ሻጮች ስም ይጠሩታል።

የጭረቷ ቦታ ትርጉም እንዳለው የእናቶች ቀን ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። በአሜሪካ አና ጃርቪስ የተባሉ ሴት፣ እናታቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ካረፉ በኋላ፣ ቀኑ እንዲከበር ደከሙ። የመጀመሪያው በዓል በ1908 ተደረገ፤ በ1914ም ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን በመላው አገሪቱ እንዲከበር አወጁ። ጃርቪስ ስሙ ማዘር’ስ ደይ ተብሎ ጭረቷ ከ«ኤስ» በፊት እንድትጻፍ አጥብቀው ይሹ ነበር። ምክንያቱም እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን አንዲት እናት እንዲያከብር እንጂ እናቶች በጅምላ እንዲወደሱ አልፈለጉም። በየዓመቱ የካቲት 29 የሚውለው ዓለም አቀፍ የሴቶች ቀንም ዊሚን’ስ ደይ ተብሎ ይጻፋል። እዚህ ጭረቷ ከ«ኤስ» በፊት የገባችው ሴቲቱ አንዲት ስለሆነች አይደለም፤ «ዊሚን» ቀድሞውኑ የበዛ ስለሆነ ነው።

ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ «የእኅቴ ጫማ»፣ «የሴቶቹ ቦርሳ»፣ «የመምህራኑ ክፍል»። መልሱ ሲስተር’ስ፣ ዊሚን’ስ፣ ቲቸርስ’ ነው። ቢሳሳቱ ሳትቆጡ «የማን?» ብላችሁ እንደገና ጠይቁ። ልጁ ባለቤቱን አሟልቶ ከጻፈ በኋላ የጭረቷን ቦታ ራሱ ያገኘዋል።