የተዘጋው ደጅ

በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን የሚዘረጋውን ነዳይ ሁላችንም እናየዋለን። ልጆቹን ያለ እራት እያሳደረ ለልመና የሚያፍረውን ጎረቤታችንን ግን ማን ያየዋል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1833 ዓ.ም. ፍሬዴሪክ ኦዛናም የተባለ የ20 ዓመት ተማሪ ከባልንጀሮቹ ጋር የቅዱስ ቬንሳን ደ ፖልን ማኅበር በፓሪስ አቋቋመ። እነዚህ ካቶሊካውያን ወጣቶች ድኻውን ወደ እነርሱ አልጠሩትም፤ ዳቦና ማገዶ ይዘው ወደ ቤቱ ሄዱ እንጂ።

በእኛም ሰንበቴ ተራው ሲደርስ የሚደግስበት አጥቶ በኀፍረት የሚቀር ወንድም አለ። ስሙን ከመዝገብ ከመፋቃችን አስቀድመን ደጁን እናንኳኳ። ሁለት ሆነን፣ እህል ይዘን እንሂድ፤ ያየነውንም ለማንም አናውራ። የተሸሸገ ችግር የሚሻው የተሸሸገ ምጽዋት ነውና።