ኮሚቴው ከመራጩ ሲቀድም

የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት ጁላይ 28 ቀን 2025 ያሳለፈው ውሳኔ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰባት አባላት ደገፉ፣ አምስት ተቃወሙ፤ በ2022 ኖቬምበር ከመራጩ ሰባ አራት በመቶ ያህሉ ያጸደቀው ሕግ ተቆራርጦ ቀረ። ኢኒሼቲቭ 82 የሚያዘው ግልጽ ነበር። ቲፕ የሚቀበል አስተናጋጅ መነሻ ደመወዙ በየዓመቱ ከፍ እያለ ሄዶ በ2027 እንደማንኛውም የከተማው ሠራተኛ ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ ያገኛል። በአዲሱ ውሳኔ ግን በ2034 እንኳ የሚያገኘው 75 በመቶውን ነው። ከ10 ዶላር ወደ 12 ያድግ የነበረው ክፍያም ጊዜው ሳይደርስ በጁን ታግዶ ነበር። ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ደግሞ ከዚያ ቀደም ብለው በበጀት ረቂቃቸው ሕጉ ጨርሶ እንዲሻር ጠይቀዋል።

ይህ ሲሆን ሁለተኛ ጊዜ ነው። በ2018 ኢኒሼቲቭ 77 የተባለውን ተመሳሳይ ሕግ መራጩ ከግማሽ በላይ ድምፅ ሰጥቶ ሲያጸድቀው፣ ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት በ8 ለ5 ሰርዞታል። ሕዝብ ሁለት ጊዜ ወጥቶ መረጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ የምክር ቤቱ መቀመጫ በሆነው ዊልሰን ሕንፃ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች አይሆንም አሉት። ሁለቱንም ጊዜ ደጅ ሲጠና የከረመው የሜትሮፖሊታን ዋሽንግተን የሬስቶራንቶች ማኅበር እንደሆነ የማያውቅ አስተናጋጅ ያለ አይመስለኝም። ማኅበሩ የአባላቱን ጥቅም ማስጠበቁ ሥራው ነው። ጠቤ ከሱ ጋር አይደለም። ጠቤ የማኅበሩን አቤቱታ የከተማው ሕዝብ ፍላጎት አድርገው ከተቀበሉት፣ የሕዝቡን ድምፅ ግን ማስተካከያ የሚያስፈልገው ስህተት አድርገው ካዩት ተመራጮች ጋር ነው።

ምክንያታቸው አንድ ነው፤ ትንንሽ ቢዝነሶችን ለማዳን ነው ይላሉ። ሬስቶራንቶች እየተዘጉ ነው፣ መሀል ከተማው ከኮቪድ ወዲህ አላገገመም፣ ቢሮው ባዶ ነው፣ የፌዴራል ሠራተኛው ተቀንሷል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኪራዩስ?

የአስተናጋጅ ደመወዝ ያስጨነቀው ይህ ሁሉ ኮሚቴ፣ ይህ ሁሉ ማኅበር፣ ይህ ሁሉ ግብረ ኃይል ስለ ኪራይ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ዲሲ ውስጥ ለድሮ የመኖሪያ ሕንፃዎች የኪራይ ገደብ ሕግ አለ። ለንግድ ቤት ግን የለም። ውል ሲያልቅ አከራዩ የፈለገውን ይጠይቃል፤ ተከራዩ ይከፍላል ወይም ይለቃል። አንድ ሰፈር ጭር ባለበት ዘመን ገብቶ፣ ዐሥር ዓመት ለፍቶ፣ ሰው እንዲመጣበት ያደረገ የሬስቶራንት ባለቤት ላደመቀው ሰፈር ራሱ ይቀጣበታል። ሰፈሩ በደመቀ ቁጥር ኪራዩ ይወጣል።

ይህን ለሀበሻ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። የአዳምስ ሞርጋንን 18ኛ ጎዳና የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። በ1980ዎቹ እነ ሬድ ሲ፣ እነ መስከረም የተባሉት ሬስቶራንቶች አሜሪካኑን እንጀራ በእጁ እንዲበላ ያስተማሩበት ጎዳና ነው። ዛሬ ሁለቱም የሉም። ከዚያ ወደ ዩ ጎዳናና ወደ 9ኛ ጎዳና ተሸጋገርን። አሁን ደግሞ ከዚያም እየለቀቅን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ወደ ፎልስ ቸርች ወጥተናል። ለብዙ ዓመት፣ እስከ 2017 አጋማሽ ድረስ፣ በዲሲ የአስተናጋጅ መነሻ ደመወዝ በሰዓት 2 ዶላር ከ77 ሳንቲም ነበር። ሁለት ዶላር! የአስተናጋጅ ደመወዝ ነው ሬስቶራንት የሚዘጋው የሚሉ ሰዎች፣ ደመወዙ ሁለት ዶላር በነበረበት ዘመን 18ኛ ጎዳናን ማን እንዳስለቀቀን ይንገሩኝ።

ኮሚቴዎቹ ኪራይን የማያነሱበት ምክንያት የተሰወረ አይደለም። የመሀል ከተማውን ጉዳይ የያዙት ድርጅቶች በአብዛኛው የሚመሩት በሕንፃ ባለቤቶች ነው። ቢድ የሚባሉት የንግድ ማሻሻያ ቀጠናዎች በ1996 በወጣ ሕግ የተፈቀዱ ናቸው። የዳውንታውኑ ቢድ ከ1997 ጀምሮ ይሠራል፤ 138 ብሎክ ያካልላል። ለማቋቋም የሚያስፈልገው የባለንብረቶች ፊርማ ነው፤ በቦርዱም ላይ ሚዛኑ የሚያጋድለው ወደ ባለንብረቶች ነው። ገንዘቡን ከንብረቱ ላይ ሰብስቦ የሚያስረክባቸው ከተማው ራሱ ነው። መንገድ ያጸዳሉ፣ እንግዳ ያስተናግዳሉ፣ ፓርክ ያሰናዳሉ፤ እሰየው። ነገር ግን ከመጥረጊያ አልፈው የከተማውን ፖሊሲ መንደፍ ከጀመሩ ቆይተዋል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። መሀል ከተማ ለቢሮ ሠራተኛ ቡናና ሳንድዊች የሚሸጥ ወገናችን የኪራይ ውሉን እንዳነብለት ሰጥቶኝ ነበር። የወሩን ኪራይ የሚናገረው ገጽ አጭር ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለው ግን ረጅም ነው፤ የሕንፃው የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ በመጨረሻም የቢዱ መዋጮ፣ ሁሉም በያዘው ካሬ ልክ ተካፍሎ ተከራዩ ላይ እንደሚታሰብ ይዘረዝራል። ትሪፕል ኔት የሚሉት ውል ይህ ነው፤ በንግድ ኪራይ ዘንድ የተለመደ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ። ለቢዱ የሚገባው ገንዘብ የሚወጣው ከዚህ ሰው መሳቢያ ነው። በቢዱ ስም ዊልሰን ሕንፃ ገብቶ የሚናገረው ግን አከራዩ ነው። ሰውየው ስብሰባ ተጠርቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ቢድ የሚባለው የማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ይመስለው ነበር።

ከዚያ በኋላ የንግዱ ማኅበረሰብ ይህን ይፈልጋል ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። አከራይና ተከራይ በአንድ ኮሚቴ ስም እንዴት ይናገራሉ? የአንዱ ገቢ የሌላው ወጪ ነው! ኪራይ ሲወርድ የሕንፃው ዋጋ ይወርዳል፤ አንዳንዱ አከራይም ኪራይ ቀንሶ ከማከራየት ቤቱ ተቆልፎ ዓመት ቢቀመጥለት ይመርጣል። መሀል ከተማውን እናድን የሚል የባለንብረት ቦርድ ይህን እውነት አያነሳም። የሚያነሳው የሚቀንስለትን ነገር ነው፤ ግብሩን፣ ደንቡን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ።

በ2024 ፌብሩዋሪ የወጣውን የዳውንታውን የድርጊት ዕቅድ እዩት። ከከተማው አስተዳደር ጋር ሆነው ያዘጋጁት የዳውንታውኑ ቢድ፣ ጎልደን ትራያንግል የተባለው ጎረቤት ቢድና ፌዴራል ሲቲ ካውንስል ናቸው። የመጨረሻው ስሙ ምክር ቤት ያስመስለዋል እንጂ ማንም የመረጠው አካል አይደለም። በ1954 የዋሽንግተን ፖስት አሳታሚ የነበረው ፊሊፕ ግራሃም ያቋቋመው የባለሀብቶችና የኩባንያ መሪዎች ክበብ ነው። የቀድሞው ከንቲባ አንተኒ ዊሊያምስ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ለዓመታት መርተውታል። ትናንት ደጅ ይጠናባቸው የነበሩት ሰው የደጅ ጠኚዎቹ መሪ ሆኑ ማለት ነው። በሕግ የተከለከለ ነገር የለበትም። ለከተማ ግን ጤና አይደለም፤ ዛሬ ወንበር ላይ ያለው ሰው ነገ የት እንደሚቀመጥ እያሰበ ነው የሚፈርመው።

ቢሮውን ወደ መኖሪያ ቤት ለሚቀይር የሕንፃ ባለቤት ሃያ ዓመት የሚዘልቅ የግብር ቅናሽ ተፈቅዷል። የመሀል ከተማውን ስፖርት አዳራሽም አስታውሱ። ባለሀብቱ ቴድ ሊዮንሲስ የቅርጫት ኳስና የሆኪ ቡድኖቹን ይዞ ወደ አሌክሳንድሪያ እንደሚሻገር በ2023 ዲሴምበር ሲሰማ፣ ከንቲባዋና የምክር ቤቱ ሊቀመንበር በዚያው ሰሞን 500 ሚሊዮን ዶላር ይዘው ቀረቡ። ማርች ሳያልቅ እዚሁ የሚያስቀረው ስምምነት በ515 ሚሊዮን ተፈረመ። ለሱ ከአራት ወር ያነሰ ጊዜ በቃ። ሰባ አራት በመቶ ሕዝብ የቆመላት አስተናጋጅ ግን እስከ 2034 ትጠብቅ ተባለ፤ ያውም ለሦስት አራተኛው። ከተማው ገንዘብ የለውም፣ ቢዝነሱ አቅም የለውም የሚለውን መከራከሪያ ከዚህ በኋላ የሚቀበል ካለ ይቀበል።

የዚያ አዳራሽ ሰፈር ቻይናታውን ነው። አዳራሹ በ1997 ሲከፈት ለሰፈሩ ሕይወት ይዘራበታል ተብሎ ነበር። ሕይወት ዘራ፤ ለማን እንደሆነ ግን ሄዳችሁ እዩ። በ1986 የቆመው ባለቀለም የወዳጅነት በር ኤች ጎዳና ላይ አለ። የትልልቅ ኩባንያ መደብሮች በከተማው ደንብ ምክንያት ስማቸውን በቻይንኛ ፊደል ጽፈዋል። ቻይናዊው ነዋሪ ግን ጥቂት መቶ ነው፤ አብዛኞቹም ዋ ላክ ሃውስ በተባለው አፓርታማ የሚኖሩ አረጋውያን ናቸው። ፊደሉ ቀረ፣ ሰዉ ሄደ። መሀል ከተማ በባለንብረት ኮሚቴ ሲታደስ የሚተርፈው ጌጡ ነው። 9ኛ ጎዳና ላይ ሊትል ኢትዮጵያ የሚል ሰሌዳ ይሰቀልልን እያልን ስንለምን የኖርን ሰዎች ይህን ቆም ብለን ማየት አለብን። ሰሌዳው ኪራይ አይከፍልም።

ኮሚቴ ውስጥ ወንበር የሌለው የኛ ሰው ብዙ ነው። የመሀል ከተማውን የፓርኪንግ ጋራዦች ለዓመታት የያዘው አብዛኛው ሠራተኛ ሀበሻ ነበር። ቢሮው ሲዘጋ መኪናው ቀረ፣ መኪናው ሲቀር ሥራው ቀረ። የዳውንታውን ማገገም ሲባል የባዶ ቢሮ ወለል ስፋት ይቆጠራል፤ የነዚህን ሰዎች ሰዓት የቆጠረ ግን አላየሁም። በ2014 የታክሲ ነጂዎቻችን መኪናቸውን ፔንሲልቬኒያ ጎዳና ላይ ደርድረው ክላክስ ሲነፉ፣ ውስጥ ያለው ምክር ቤት ኡበርንና መሰሎቹን የሚፈቅደውን ሕግ አጸደቀ። ውጭ ሆኖ ክላክስ የሚነፋና ውስጥ ገብቶ ረቂቅ የሚያርም እኩል አይሰማም።

ከኛ ሬስቶራንት ባለቤቶች መካከል ኢኒሼቲቭ 82ን የተቃወሙ እንዳሉ አውቃለሁ። እህቶቼና ወንድሞቼ ናችሁ፤ ጭንቀታችሁ የውሸት አይደለም። የስጋ ዋጋ፣ የጤፍ ዋጋ፣ የዴሊቨሪ ኩባንያው የሚቆርጠው ኮሚሽን፣ ሁሉም ከአንድ ሂሳብ ላይ ነው የሚነሳው። ግን አንድ ነገር አስቡልኝ። ማኅበሩ ትንሿ የቤተሰብ ሬስቶራንት ልትዘጋ ነው ብሎ ሲናገር ፊት የምትቆሙለት እናንተ ናችሁ፤ ከኋላ በብዙ ከተማ ቅርንጫፍ ያለው ኩባንያ አለ። ደመወዙ ሲታገድ እሱ በመቶ የሚቆጠር አስተናጋጅ ላይ ያተርፋል፤ እናንተ አራት ሰው ላይ። ያቺኑም ትርፍ የሚቀጥለው የኪራይ ውል ይወስዳታል። የማኅበሩ ዘመቻ ለናንተ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አከራዮቻችሁ ላይ ዘምቶ ያውቃል?

አስተናጋጇም የሩቅ ሰው አይደለችም። ቅዳሜ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠረጴዛ ጠርጋ፣ ቲፑን ከባርማኑና ከሳህን አንሺው ጋር ተካፍላ፣ ባቡር ስለቆመ ኡበር ጠርታ ሜሪላንድ የምትገባ የአንዳችን እህት ናት። ደንበኛው ግርጌው ላይ የሰርቪስ ክፍያ የሚል መስመር ያለበት ሂሳብ ሲመጣለት ለሷ የከፈለ መስሎት ቲፑን ይተዋል። ያ ገንዘብ ስንቱ እጇ እንደሚገባ ከሂሳቡ አይታወቅም። ይህንን ግራ መጋባት ያጠፋ የነበረው ሙሉ ደመወዝ ነው፤ እሱን ነው የቆረጡት።

ምን ይደረግ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀውን ሕግ ለመቀየር የሚፈልግ ሁሉ ወደ ሕዝቡ ይመለስ፤ ሰባት ሰው ሰባ አራት በመቶን አይሽር። የቢዱን መዋጮ የሚከፍል ተከራይ በቢዱ ውስጥ እንደ አከራዩ ድምፅ ይኑረው። የግብር ቅናሽ የሚወስድ ሕንፃ ምድር ቤቱ ላይ ላለው ሱቅ ኪራይ የማይጨምርበትን ዘመን በውል ያስፍር። ይህች ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከመንግሥት አገልግሎት ቋንቋዎች አንዱ አድርጋለች፤ ስለዚህ የመሀል ከተማ ዕቅድ ሲወጣ ረቂቁ በአማርኛ ይምጣልን፣ ስብሰባውም አስተርጓሚ ይኑረው።

የዲሲ መራጭ የሆናችሁ ሁሉ፣ በመጪው ምርጫ በራችሁን ለሚያንኳኳ እጩ ሻይ ከማቅረባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁልኝ። ጁላይ 28 ከየትኛው ወገን ነበርክ? የንግድ ቤት ኪራይን በተመለከተስ ምን ሕግ ታቀርባለህ? ለሁለተኛው መልስ የሌለው ሰው ስለ ትንንሽ ቢዝነስ አያውራ፤ ድምፃችሁንም አትስጡት።