በዲጂታል መታወቂያ በውጭ አገር ኩባንያ ማቋቋም፦ የጎንደርና የሰሜን ጎንደር ነዋሪዎች አስቀድመው ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በጎንደር ከተማ ተቀምጦ ለአውሮፓ ደንበኞች ሶፍትዌር የሚያለማ ወጣትና በደባርቅ ሆኖ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለውጭ አገር ጎብኚዎች የሚያስጎበኝ ባለሙያ አንድ የጋራ ችግር አለባቸው። ሥራውም ደንበኛውም አለ፤ ክፍያውን በሕጋዊ መንገድና በወቅቱ መቀበል ግን አስቸጋሪ ነው። በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቁት የኦንላይን ክፍያ ድርጅቶች መካከል እንደ ስትራይፕ ያሉት በኢትዮጵያ ለተመዘገበ ነጋዴ አገልግሎት አይሰጡም። በዚህም ምክንያት የሌላ አገር መንግሥት የሚሰጠውን ዲጂታል መታወቂያ በማውጣት በዚያ አገር ኩባንያ አቋቁሞ ከኢትዮጵያ ሆኖ መምራት እንደ መፍትሔ ሲነሳ ይሰማል።

ይህ አሠራር በእርግጥ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ስለ አሠራሩ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በሚከፍተው ዕድል ላይ ብቻ የሚያተኩር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት በባለቤቱ ላይ የሚቀረው ግዴታ ሲታለፍ ይስተዋላል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱም ጎኖች ይዳሰሳሉ።

የኢስቶኒያ አሠራር

ለዚህ አገልግሎት ቀዳሚ ተደርጋ የምትጠቀሰው ኢስቶኒያ ናት። የሕዝብ ብዛቷ 1.3 ሚሊዮን ያህል የሆነው ይህች የባልቲክ አገር ለዜጎቿ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ ስትሰጥ ቆይታ፣ በታኅሣሥ ወር 2014 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ለማይኖሩ የውጭ ዜጎች "የኤሌክትሮኒክ ነዋሪነት" የተሰኘውን ፕሮግራም ጀመረች። እስካሁን ከ100,000 በላይ ሰዎች መታወቂያውን የወሰዱ ሲሆን፣ በእነዚሁ ሰዎች የተመሠረቱት ኩባንያዎችም ከ30,000 በላይ ሆነዋል።

አመልካቹ ማመልከቻውን በኢንተርኔት አቅርቦ ክፍያ ከፈጸመ በኋላ የኢስቶኒያ ፖሊስና የድንበር ጥበቃ ባለሥልጣን ማንነቱንና የኋላ ታሪኩን ያጣራል። ማመልከቻው ተቀባይነት ሲያገኝ መታወቂያው በፖስታ ወደ ቤት አይላክም፤ አመልካቹ ወደ ኢስቶኒያ ኤምባሲ ወይም ወደተመደበ የመረከቢያ ቦታ በአካል ቀርቦና አሻራ ሰጥቶ ይረከባል። በጎንደርና በአካባቢው እንዲህ ያለ ቦታ ስለሌለ፣ የጉዞ ወጪው ገና ከጅምሩ ሊታሰብ ይገባል።

መታወቂያው ቺፕ ያለው ካርድ ሲሆን ሁለት የሚስጥር ቁጥሮች አሉት። የመጀመሪያው ማንነትን ለማረጋገጥ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰነድ ለመፈረም ያገለግላል። በዚህ መንገድ የተፈረመ ሰነድ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በእጅ ከተፈረመ ሰነድ ጋር እኩል ዋጋ አለው። ባለቤቱ ኩባንያ የሚያስመዘግበው፣ ውል የሚፈርመውና ዓመታዊ ሪፖርት የሚያቀርበው በዚሁ ካርድ ነው።

መታወቂያው የማይሰጣቸው መብቶች

የኤሌክትሮኒክ ነዋሪነት ዜግነት፣ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም። የባንክ ሒሳብ ለመክፈትም ዋስትና አይሆንም፤ እያንዳንዱ ባንክ ወይም የክፍያ ድርጅት አመልካቹን በራሱ መስፈርት መርምሮ ሊቀበለው ወይም ሊመልሰው ይችላል። ክፍያ ለመቀበል ብቻ ተብሎ የተቋቋመ ኩባንያ ሒሳብ ሳይከፈትለት ቢቀር፣ ባለቤቱ ላይ የሚቀረው ወጪው ብቻ ነው።

ኩባንያው ሥራ ባይሠራም ግዴታው አይቋረጥም። የሥራ አመራሩ ከኢስቶኒያ ውጭ የሆነ ኩባንያ በዚያ አገር ሕጋዊ አድራሻና ተጠሪ ሊኖረው ይገባል፤ ለዚህም አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች በየጊዜው ክፍያ ይጠይቃሉ። ዓመታዊ ሪፖርቱም የበጀት ዓመቱ በተጠናቀቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በኢስቶኒያ ቋንቋ፣ በኤሌክትሮኒክ መንገድ መቅረብ አለበት።

"በኢስቶኒያ ግብር የለም" የሚለው አነጋገርም ትክክል አይደለም። ትርፉ በኩባንያው ውስጥ እስካለ ድረስ የትርፍ ግብር የማይጠየቅበት ቢሆንም፣ ለባለቤቱ ሲከፋፈል ግብር ይከፈልበታል።

በኢትዮጵያ የሚቀረው የግብር ግዴታ

ለኢትዮጵያ ነዋሪዎች ዋነኛው ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ግብር የሚከፍለው በአገር ውስጥ ባገኘው ገቢ ላይ ብቻ ሳይሆን በውጭ አገር ባገኘውም ገቢ ላይ ነው። ቋሚ መኖሪያው በኢትዮጵያ የሆነ፣ ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ183 ቀናት በላይ በአገሪቱ የቆየ ግለሰብ እንደ ነዋሪ ይቆጠራል።

ከዚህም በላይ አዋጁ ስለ ድርጅቶች የደነገገው በዚህ ጉዳይ ላይ ልዩ ክብደት አለው። አንድ ድርጅት በውጭ አገር የተመዘገበ ቢሆንም፣ ወሳኝ የሆነው አመራር የሚሰጠው በኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ድርጅቱ ራሱ የኢትዮጵያ ነዋሪ ተደርጎ ይወሰዳል። አንድ ሰው ብቻውን በባለቤትነት የያዘውን የኢስቶኒያ ኩባንያ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካለ ቢሮው የሚመራ ከሆነ፣ ውሉን የሚፈርመውም ውሳኔውን የሚሰጠውም እዚያው ስለሆነ ኩባንያው በዚህ ድንጋጌ ሥር ሊወድቅ ይችላል። በውጭ አገር የተከፈለ ግብር ሕጉ በሚፈቅደው መጠን የሚካካስበት ሥርዓት ቢኖርም፣ ለዚህ የክፍያ ማስረጃዎችን ጠብቆ መያዝና ገቢውን ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የውጭ ምንዛሪን በሚመለከት፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ተግባራዊ ሆኗል። ይሁንና ለኩባንያ ማቋቋሚያ ገንዘብ ወደ ውጭ ማውጣት፣ በውጭ አገር ሒሳብ መያዝና ገቢን ወደ አገር ማስገባት አሁንም በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ መመሪያዎች የሚመሩ ናቸው። በመሆኑም ጉዳዩን ከመጀመር አስቀድሞ ባንክን ማማከር ይገባል።

የሥራው ዓይነት የሚያመጣው ልዩነት

ከላይ የተጠቀሱት ሁለት ባለሙያዎች ጉዳይ ተመሳሳይ ቢመስልም በሕግ ፊት የተለያየ ነው። የሶፍትዌር ባለሙያው ሥራ በኢንተርኔት ተልኮ ውጭ አገር ላለ ደንበኛ የሚደርስ ነው። በርካታ ቋሚ የአውሮፓ ደንበኞች ካሉትና ደንበኞቹ በአውሮፓ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ብቻ መዋዋል የሚሹ ከሆነ፣ የኢስቶኒያው አማራጭ ወጪውንና የግብር ግዴታውን አስልቶ ሊያጤነው የሚችል ነው።

የአስጎብኚው ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ጎብኚው ክፍያውን ከየትም አገር ቢልክ፣ አገልግሎቱ የሚሰጠው ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደባርቅና በፓርኩ ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ የንግድ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የጸና የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል። በውጭ አገር የተመዘገበ ኩባንያ ይህን ፈቃድ አይተካም። ስለዚህ ለአስጎብኚው የውጭ ኩባንያ ማቋቋም በአብዛኛው ተጨማሪ ወጪና ተጨማሪ ሪፖርት እንጂ መፍትሔ አይሆንም።

ፋይዳና የአገር ውስጥ አማራጭ

ኢትዮጵያም የራሷን የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ዘርግታለች። የፋይዳ ምዝገባ ነዋሪነትን መሠረት ያደረገና ያለ ክፍያ የሚከናወን ሲሆን፣ የ10 ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱም ዓይኖች አይሪስና የፊት ምስል ይወሰዳል። ተመዝጋቢውም ባለ 12 አሃዝ ልዩ ቁጥር ያገኛል። ባንኮች የደንበኞቻቸውን ማንነት በዚህ ቁጥር ማረጋገጥ ጀምረዋል።

በሌላ በኩል የንግድ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በዲጂታል መንገድ የሚፈጸሙ ውሎችን በሕግ የተደገፉ አድርገዋል። በመሆኑም ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ተነስቶ ለእያንዳንዱ ፊርማ ረጅም መንገድ መጓዝ የሚቀርበት ሁኔታ የሕግ መሠረት አግኝቷል። ቀሪው ሥራ የመሠረተ ልማት ነው፤ የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት አገልግሎት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከርቀት የሚሰጥ አገልግሎት የሚጠበቅበትን ውጤት አያስገኝም።

የመታወቂያው ደኅንነትም ትኩረት ይሻል። በ2017 እ.ኤ.አ. በኢስቶኒያ መታወቂያ ቺፕ ላይ የደኅንነት ክፍተት በመገኘቱ የ760,000 ያህል ካርዶች ዲጂታል ማረጋገጫ እስኪታደስ ድረስ ታግዶ ነበር። ድርጅቱን በአንድ ካርድ ብቻ የሚመራ ሰው ካርዱ ቢታገድ ወይም ቢጠፋ ሥራው እንደሚቆም ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከመወሰን በፊት

በውጭ አገር ኩባንያ ለማቋቋም የሚያስቡ ዜጎች የሚከተሉትን እንዲያረጋግጡ ይመከራል፦

1. የሚሰጡት አገልግሎት የሚፈጸመው በኢትዮጵያ ውስጥ ወይስ በውጭ አገር መሆኑን መለየትና ተገቢውን የአገር ውስጥ የንግድ ፈቃድ መያዝ፤

2. ክፍያው በሕጋዊ የባንክ ዝውውር በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ሒሳብ ሊገባ የሚችል መሆኑን አስቀድሞ ባንክን መጠየቅ፤

3. የኩባንያውን ዓመታዊ ወጪ፣ ማለትም የአድራሻ፣ የተጠሪ፣ የሒሳብ ሥራና የሪፖርት ክፍያን ከሚጠበቀው ገቢ ጋር ማነጻጸር፤

4. በኢትዮጵያ የሚኖርባቸውን የግብር ግዴታ ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቆ መረዳት፤

5. የፋይዳ ምዝገባን ማጠናቀቅና በምዝገባው ላይ የሰፈረውን የስልክ ቁጥር ጠብቆ መያዝ፤ የአንድ ጊዜ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው በዚሁ ስልክ ስለሆነ፣ ስልኩ የጠፋበት ወይም ቁጥሩን የቀየረ ሰው ሳይዘገይ ማሳወቅና ማስተካከል ይኖርበታል፤

6. የየትኛውንም ዲጂታል መታወቂያ የሚስጥር ቁጥር ለደላላም ሆነ "እኔ ልክፈትልህ" ለሚል ሰው አለመስጠት፤ ቁጥሩን የያዘ ሰው በባለቤቱ ስም የሚፈርመው ሰነድ ባለቤቱን ተጠያቂ ሊያደርገው ይችላልና።