«ላባችን ሳይደርቅ ንፋስ መታን» ማለት እስከ መቼ?

ታሪኩ በየሰፈራችን ተመሳሳይ ነው። የሩጫ ውድድር አንድ ወር ሲቀረው እንነሳሳለን። ከሱብሒ ሶላት መልስ ጫማችንን አስረን እንወጣለን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ ዕረፍት እንሮጣለን፤ የመስቀል አደባባይን ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ እንከርማለን። ከዚያ ውድድሩ ሊደርስ ሲል ወይም በማግስቱ ጉሮሯችን ይከረክራል፣ አፍንጫችን ይዘጋል፣ ሰውነታችን ይቆረጣጠማል። ምን ሆናችሁ ስንባል መልሳችን አንድ ነው፦ «ላባችን ሳይደርቅ ንፋስ መታን።»

ጥፋቱን ሁሉ በንፋሱ ላይ መጣል ግን ራስን ማታለል ነው። ጉንፋን የሚያሲዘን ቫይረስ ነው። ጥያቄው ቫይረሱ ለምን ልክ በዚያ ሳምንት አሸነፈን የሚለው ነው።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 በኬፕታውን የ56 ኪሎ ሜትር ሩጫ ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከሩጫው በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት ከሯጮቹ ሲሶ ያህሉ የጉንፋን ምልክት ሲያዩ፣ ካልሮጡት ግን 15 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው ያዩት። በ1987 የሎስ አንጀለስ ማራቶንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ማራቶኑን ከሮጡት 13 ከመቶ ገደማ በሳምንቱ ሲታመሙ፣ ሠልጥነው ሳይሮጡ ከቀሩት የታመሙት 2 ከመቶ ገደማ ነበሩ።

ታዲያ ስፖርት ይጎዳል ማለት ነው? አይደለም። መጠነኛ እንቅስቃሴ በሽታ የመከላከል አቅምን ይደግፋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አንዳንድ ተመራማሪዎች ጥፋተኛው ሩጫው ራሱ ሳይሆን አብሮት የሚመጣው ነው ይላሉ፦ የእንቅልፍ ማጣት፣ በቂ አለመብላት፣ ጭንቀትና የሰው ብዛት። በ2015 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 164 ጤነኛ ሰዎች የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው ተደረገላቸው። ከስድስት ሰዓት በታች የሚተኙት ከሰባት ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ የመታመም ዕድላቸው አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ እንቆያለን። ለሱብሒ እንነሳለን፤ 15 ኪሎ ሜትር እንሮጣለን። ከዚያ በባዶ ሆድ ሻይ ብቻ ጠጥተን በተጨናነቀ ታክሲ ወደ ሥራ ወይም ወደ ትምህርት እንሄዳለን። አንድ ላስቲክ ውሃም ለአምስት እየተቀባበልን እንጠጣለን። ይህን ሁሉ አድርገን ንፋሱን መክሰስ ፍትሕ ነውን?

ከዚህ የባሰው ግን አነጋገራችን ነው። የታመመውን ጓደኛችንን «ሰነፍክ እንዴ?» ብለን እናሸማቅቀዋለን፤ እሱም አፍሮ ትኩሳቱን ይዞ ይወጣል። ይህ ቀልድ አይደለም። ትኩሳት እያለ ጠንክሮ መሮጥ አደጋ አለው፤ ቫይረሱ የልብ ጡንቻን ካስቆጣ ሕይወት እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ሕመሙ ቀላል የአፍንጫ ፈሳሽ ብቻ ከሆነ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ይቻላል። ትኩሳት፣ የደረት ሳል ወይም ቁርጥማት ካለ ግን ማረፍ ግድ ነው። ደረት የሚወጋው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ።

«ጊዜ የለንም፣ ሥራ አለ፣ ትምህርት አለ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን ከዒሻ በኋላ ስልኩን አስቀምጦ መተኛት ገንዘብ አይጠይቅም። የቀትር ቀይሉላም ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንቅልፍ ያጣን ቀን ሩጫውን እናሳጥር። ሦስት ሳምንት ከጠነከርን አራተኛውን እናቅልል፤ ከሩጫ እንደተመለስን እንብላ፤ ሁላችንም የየራሳችንን ውሃ እንያዝ።

ሰውነት የሚጠነክረው ስንሮጥ ብቻ ሳይሆን ስናርፍም ነው። ገላችን አማና ነው፤ ሐቁን ስንነፍገው ራሱ አልጋ ላይ አስተኝቶ ያስከፍለናል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ጓደኛችን «አሞኛል» ሲለን «ሰነፍክ» አንበለው። «ተኛ፣ ሲሻልህ እንጠብቅሃለን» እንበለው።