“ቡድኑን ሽጥ!” ያሉት ደጋፊዎች እውነት ነበራቸው

የእኛ ዲፓርትመንት ተማሪ ሆኖ “መኒቦል” የሚለውን ስም ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አንድ ኮርስ ላይ ብናመልጠው ሌላው ላይ ይጠብቀናል። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ገንዘብ ያጠረው የኦክላንድ አትሌቲክስ የቤዝቦል ቡድን፣ በሥራ አስኪያጁ በቢሊ ቢን መሪነት፣ ሌሎች የናቋቸውን ተጫዋቾች በቁጥር እያጠና በርካሽ ሰበሰበ። በ2002 ለደመወዝ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ 103 ጨዋታ አሸነፈ። ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣው የኒውዮርክ ያንኪስም ያሸነፈው ያንኑ 103 ነው። በዚያው ዓመት ኦክላንድ 20 ጨዋታ በተከታታይ ረታ። ማይክል ሉዊስ በ2003 መጽሐፍ ጻፈበት፤ በ2011 ደግሞ ብራድ ፒት የተወነበት ፊልም ሆነ። እኛም “በጥቂት ብዙ መሥራት ይቻላል” ብለን ደብተራችን ላይ ጽፈን፣ ተፈትነን እናልፋለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ግን እላለሁ፣ ይሄ እኮ የታሪኩ ግማሽ ነው! ያ ቡድን ዛሬ ኦክላንድ ውስጥ የለም። የመጨረሻ ጨዋታውን በከተማዋ ያደረገው በመስከረም 26 ቀን 2024 ነው። እዚያ ያደረሰው የገንዘብ እጥረት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ያደረሰው “በጥቂት ብዙ መሥራት” የሚለው ብልሃት እያደር “በጥቂት ጥቂት ሠርቶ ማትረፍ” ወደሚል መለወጡ ነው። ይህን ቀድመው ያዩት ደግሞ ምሁራኑ አይደሉም። ስታዲየም ውስጥ ከበሮ የሚመቱት ደጋፊዎች ናቸው።

“ቤዝቦል ለኛ ምናችን ነው?” የሚለኝ አይጠፋም። ኦክላንድ ብዙ ሐበሻ ያለባት ከተማ ናት። ቴሌግራፍ በሚባለው ጎዳና ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ሞልተዋል። የአክስቴ ልጅ እዚያው አድጎ የዚህ ቡድን ደጋፊ ሆኗል፤ እኔንም ለክፉ ሱስ የዳረገኝ እሱ ነው። እዚያ ማታ የሚጀምረው ጨዋታ እኛ ጋ ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። የአክስቴ ልጅ በደወለ ቁጥር የሚያነሳው ግን ስለ ውጤቱ ሳይሆን “ደግሞ ማንን ሸጡብን?” የሚለውን ነበር። በእርግጥም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

በአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋች እንዴት እንደሚያዝ ካልተረዳን የደጋፊው ንዴት አይገባንም። ወደ ዋናው ሊግ የገባ ወጣት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ የሚከፈለው ከሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ ብዙም የማይርቅ ነው። በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት፣ ካልተስማሙ በግልግል ዳኝነት እየታየ፣ ክፍያው ከፍ ይላል። ስድስት ዓመት ሲሞላው ነጻ ይወጣና ለፈለገው ይፈርማል። እንግዲህ ለአመራሩ ምርጡ ተጫዋች ጎበዝ ሆኖ ገና ውድ ያልሆነው ነው። ሊወደድ ሲል ይሸጡትና በምትኩ ሌሎች ርካሽ ወጣቶች ይቀበላሉ። ወጣቶቹ ሲያድጉ እነሱም ይሸጣሉ። ወረቀት ላይ ያምራል። ደጋፊው ግን የልጁን ስም ያለበት ማልያ ገዝቶ ሳያረጅ ልጁ ሌላ ከተማ ይገኛል።

አንድ ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። በኅዳር 2014 ጆሽ ዶናልድሰን የተባለውን ኮከብ ለቶሮንቶ ሰጡት፤ በ2015 የአሜሪካን ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ያኔ ደጋፊው ንዴቱን ዋጠው። ከ2018 እስከ 2020 ቡድኑ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ወደ ጥሎ ማለፍ ስለገባ “በቃ፣ አሁንስ ያዙልን” ብሎ ተስፋ አደረገ። በመጋቢት 2022 ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ክሪስ ባሲት ወደ ኒውዮርክ ሜትስ፣ ማት ኦልሰን ወደ አትላንታ፣ ማት ቻፕማን ወደ ቶሮንቶ ተሸኙ። ወሩ እንዳለቀ ሾን ማናያ ተከተላቸው፤ በነሐሴ ፍራንኪ ሞንታስ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ሾን መርፊ ሄዱ። አንድ ሙሉ ቡድን በአንድ ዓመት ተበተነ ማለት ነው። ኦልሰን በ2023 ለአትላንታ 54 ሆም ረን (ኳሷን ከአጥር ውጭ አሻግሮ መምታት) አስቆጠረ፤ በዚያ ዓመት ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ የሚበልጠው አልነበረም። ኦክላንድስ? በ2022 102 ጊዜ፣ በ2023 ደግሞ 112 ጊዜ ተሸነፈ። በ1968 ወደ ኦክላንድ ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶበት አያውቅም።

ለፍትሕ ያህል የሌላውንም ወገን ቃል እንስማ። የኦክላንድ ገበያ ጠባብ ነው፤ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ሳንፍራንሲስኮ አለች። ስታዲየሙ በ1966 የተከፈተ አሮጌ ነው፤ ፍሳሽ ሞልቶ ወደ ተጫዋቾች ክፍል የገባበት ጊዜ ነበር። በወደቡ አካባቢ አዲስ ስታዲየም ለመሥራት ከከተማው ጋር የተደረገው ድርድር ዓመታት ፈጅቷል፤ የከተማው አስተዳደርም ከደሙ ንጹሕ ነው አልልም። ሁሉም እውነት ነው። ተጫዋች መሸጥም በራሱ ነውር የለውም። በ2002ም ቢሆን የተናቁ ብቻ አልነበሩም ያሸነፉት፤ ቡድኑ ራሱ ያሳደጋቸው ሚጌል ቴሃዳና ባሪ ዚቶ የዓመቱን ትልልቅ ሽልማቶች ወስደዋል። እነሱም ኋላ ላይ ሄደዋል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ያኔ የሚሸጠውም የሚገዛውም በሚቀጥለው ዓመት ለማሸነፍ ነበር። በ2022 የተሸጠው ግን ለምን እንደሆነ ለደጋፊው የነገረው ሰው የለም። “ግንባታ ላይ ነን” ተባለ። ግንባታው የት? ለማን?

እስቲ እንደ ተማሪ እንጠይቅ፦ ቡድን አፍርሶ መክሰር የለም እንዴ? እንግሊዝ አገር ቢሆን አለ። ኮከቦቹን ሸጦ የጨረሰ ክለብ ይወርዳል፤ ሲወርድ የቴሌቪዥን ገቢው ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ስስታም ባለቤት እንኳ ለኪሱ ሲል ተጫዋች ይገዛል። በአሜሪካ ቤዝቦል ግን መውረድ የለም። 112 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን በዓመቱ እዚያው ሊግ ውስጥ ነው። ከብሔራዊው የቴሌቪዥን ገቢ እኩል ድርሻውን ያገኛል፤ በወጣቶች ምልመላም ከፊት ከሚመርጡት ይሰለፋል። በተጨማሪ ከሀብታም ቡድኖች ተሰብስቦ ለደካሞቹ የሚከፋፈል ገንዘብ አለ። በ2022 የተፈረመው የሊጉ የሥራ ስምምነት ለኦክላንድ ይህን ድርሻ መልሶለታል፤ ሆኖም እስከ ጥር 15 ቀን 2024 ድረስ የስታዲየም ውል ካልያዘ ድርሻው ይቀራል የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረው። በሚያዝያ 2023 ከኦክላንድ ጋር የነበረው ድርድር ድንገት ተቋርጦ “ላስ ቬጋስ መሬት አግኝተናል” የተባለው ይህ ቀነ ገደብ ዘጠኝ ወር ሳይቀረው ነው። በእኛ ቋንቋ ይህ “ማበረታቻ” ይባላል። ማበረታቻው የተቀመጠው ለማሸነፍ አልነበረም።

ደጋፊው በዚህ መሃል ምን ማድረግ ይችል ነበር? እዚህ ላይ ነው ወጥመዱ። ደጋፊ ያለው መሣሪያ አንድ ነው፤ መቅረት። በ2019 ስታዲየሙ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አይቷል። ቡድኑ በተበተነበት በ2022 ግን 800 ሺህ አልሞላም። ታዲያ አመራሩ ይህን ቁጥር አንስቶ “ይኸው፣ ከተማው ቡድን አይፈልግም” አለ። ብትመጣ በገንዘብህ ታጸድቅለታለህ፤ ብትቀር መቅረትህን ማስረጃ ያደርግብሃል። መጀመሪያ ሱቁን ባዶ አድርጎ ኋላ “ደንበኛ የለኝም” የሚል ነጋዴ መቼም ገጥሟችሁ ያውቃል።

የኦክላንድ ደጋፊዎች ለዚህ ያገኙት መልስ በማናቸውም የማርኬቲንግ መጽሐፋችን ውስጥ የለም። ሰኔ 13 ቀን 2023፣ በመናኛ ማክሰኞ፣ ቡድናቸው የሊጉ ጭራ ሆኖ ሳለ፣ ሆን ብለው ስታዲየሙን ሞሉት። አድማውን ገለበጡት! 27,759 ሰው ገባ። “ሽጥ” የሚል ቃል የተጻፈበት አረንጓዴ ካናቴራ ለብሰው፣ አምስተኛው ዙር ሲጀምር መጀመሪያ ጸጥ አሉ፤ ቀጥሎ በአንድ ድምፅ “ቡድኑን ሽጥ!” ብለው አስተጋቡ። ጥሪው ከ2005 ጀምሮ በባለቤትነት ላለው ለጆን ፊሸር ነበር። ቡድኑም በዚያ ምሽት ታምፓ ቤይን 2 ለ 1 አሸነፈ። በዚያው ቀን የኔቫዳ ሴኔት ለላስ ቬጋሱ ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ የሚሰጠውን ረቂቅ አጸደቀ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ተፈርሞ ሕግ ሆነ። በኅዳር ደግሞ የሠላሳዎቹ ቡድኖች ባለቤቶች ተሰብስበው ዝውውሩን በሙሉ ድምፅ ተቀበሉት። ሠላሳ ለዜሮ። አንድ እንኳ!

ነገሩን እዚህ ጋ ከራሳችን ጋር ላገናኘው። የአርሰናል ደጋፊዎች ልብ በሉ፤ የክለባችሁ ባለቤት ስታን ክሮንኪ በ2016 ራምስ የተባለውን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከሴንት ሉዊስ ነቅሎ ሎስ አንጀለስ የወሰደው ሰው ነው። በሚያዝያ 2021 አርሰናል ወደ ሱፐር ሊግ ሊገባ ሲል ደጋፊው ወጥቶ ጮኸ፣ የእንግሊዝ መንግሥትም በሕግ እንደሚገባበት አስጠነቀቀ፤ ክለቡ በሁለት ቀን ውስጥ ሐሳቡን ለወጠ። የለንደን ጩኸት ሲሰማ የኦክላንድ ጩኸት ያልተሰማው የኦክላንዱ ስላነሰ አይደለም። በለንደን ከጩኸቱ ጀርባ የሚያስፈራ ነገር ነበር፤ በአሜሪካ ቤዝቦል ግን ከ1922ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ ሊጉ ከፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ውጭ ነው፤ የሚወስኑትም ባለቤቶቹ እርስ በርሳቸው ናቸው። በአገራችንም ቢሆን የመሥሪያ ቤት በጀት ሲቋረጥ የፈረሱ ክለቦችን እናውቃለን። ሲፈርሱ ደጋፊውን የጠየቀ ነበር?

እኛ በየፈተናው “ባለድርሻ አካላት” ብለን እንጽፋለን፤ ሠራተኛ፣ ደንበኛ፣ ባለአክሲዮን፣ ማኅበረሰብ ብለን እንዘረዝራለን። ደጋፊ የቱ ውስጥ ነው? ደንበኛ ነው እንዳንል፣ ደንበኛ ሳሙናው ሲበላሽበት ሌላ ሳሙና ይገዛል። የኦክላንድ ልጅ ማዶ ያለውን የሳንፍራንሲስኮ ቡድን ደግፍ ቢሉት ይሰድባል። ባለአክሲዮንም አይደለም፤ ድምፅ የለውም። ዕድሜውን ያዋጣ፣ ነገር ግን ሰነድ የሌለው ባለድርሻ ነው። አመራሩ ያሰላው ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስሌቱ ውስጥ ያልገባው እሱ ነው።

የሚገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። ቡድኑ በ2025 ወደ ሳክራሜንቶ፣ 14 ሺህ ያህል ሰው ወደሚይዝ የታችኛ ሊግ ሜዳ ሄደ፤ ስሙም ያለ ከተማ “አትሌቲክስ” ብቻ ሆነ። ከኦክላንድ በወጣ በሦስት ወር ውስጥ፣ በታኅሣሥ 2024፣ ለሉዊስ ሴቬሪኖ የሦስት ዓመት 67 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠ፤ እስከዚያ ድረስ በቡድኑ ታሪክ እንዲህ ያለ ውል አልነበረም። ወዲያው ብሬንት ሩከርንና ሎውረንስ በትለርን በረጅም ውል አሰራቸው። እና ገንዘቡ የት ነበር? የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ አልተናደደም። “ተወው፣ አሁን ሌላ ቡድን አለን” ነው ያለኝ። ኦክላንድ ቦለርስ ይባላል፤ በ2024 በትንሽ ሊግ መጫወት የጀመረ፣ ከደጋፊዎቹ በአክሲዮን ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበ ቡድን ነው። ትንሽ ነው፤ ድርሻው ግን በወረቀት ነው።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን መምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። መኒቦልን ከኮርሱ አታውጡብን፤ ጨርሱልን እንጂ። ከ2002ቱ 103 ድል ጎን የ2023ቱ 112 ሽንፈት ይጻፍ። “በርካሽ እንዴት ተገዛ?” ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ “የተረፈው ገንዘብ ለምን ዋለ?” የሚል ጥያቄ ይምጣ። ቁጠባ ብልሃት የሚሆነው ዓላማው ሲታወቅ ነው። ዓላማው ሲጠፋ ቁጥሩ ያው ሆኖ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ይህን ለማየት ደግሞ የማስተርስ ዲግሪ አላስፈለገም፣ የማክሰኞ ትኬት በቂ ነበር። ነገ ከነገ ወዲያ እኛም አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወንበር ይዘን “ወጪ ቀንሱ” ስንባል፣ ያን አረንጓዴ ካናቴራ የለበሰ ሕዝብ ብናስታውስ አንጎዳም።

ቸር እንሰንብት!